ተያዥ የሌለው ሥራ ፈላጊ፦ የኢኮኖሚ ሽግግሩና ከደጅ የቀሩ ዜጎች

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ፤ ዓመት ሲሞላው ደግሞ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በዚያው ዕለት የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት የብድር ፕሮግራም አጸደቀ፤ የዓለም ባንክም በማግስቱ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ስለ ማሻሻያው የሚነገረውና የሚጻፈው በአብዛኛው የሚያተኩረው በተመኑ፣ በዕዳ ሽግሽጉ፣ በወጪ ንግድ ገቢውና በባንኮች አቅም ላይ ነው። እነዚህ ጉዳዮች ክብደት እንዳላቸው አይካድም፤ የባንክና የጥቁር ገበያ ተመን ተራርቆ ለዓመታት የኖረበት ሁኔታም ሊቀጥል የሚችል አልነበረም። ይሁን እንጂ ሥራ ያልነበራቸው፣ ወይም የነበራቸውን እንጀራ በሽግግሩ መካከል ያጡ ሰዎች የት ደረሱ የሚለው ጥያቄ በዚህ ሁሉ ውይይት ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

በአገራችን ሥራ ማጣት ብቻውን ሰውን ከማኅበረሰቡ አያስወጣም። ሥራ የፈታ ሰው በዱቤ የሚሰጠው ባለ ሱቅ፣ የሚያውቀው ሰፈር፣ ያላቋረጠው እድር፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ሥራ ሲገኝም ዋስ የሚሆንለት ዘመድ እስካለው ድረስ፣ ችግሩ ቢከብድም ከሰው ተራ አይወጣም። ወደ መገለል የሚገፋው እነዚህ ማያያዣዎች አንድ በአንድ ሲበጠሱበት ነው። አሁን ያለንበት ሽግግር ደግሞ የኑሮ ወጪን ከማናሩም በላይ፣ በተለይ በከተሞች፣ ማያያዣዎቹን ራሳቸውን እየበጠሰ ይገኛል። ለዚህ የተዘጋጀ ፖሊሲ ግን እምብዛም አይታይም።

ኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሽግግር ስታልፍ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሲወድቅ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የጦር ሠራዊት አባል ተበተነ። በ1985 ዓ.ም. ብር ከዶላር ጋር የነበረው ተመን ከ2.07 ወደ 5.00 ዝቅ ተደረገ። የመንግሥት ድርጅቶች ወደ ግል መዛወር ጀመሩ፤ ከዩኒቨርሲቲና ከኮሌጅ ለሚመረቅ ሁሉ መንግሥት ሥራ ይመድብ የነበረበት አሠራርም ቀረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የኖረ ሰው፣ የወታደር ልብሳቸውን እንደለበሱ በየአደባባዩ እጃቸውን የሚዘረጉትን የቀድሞ ወታደሮችና ምደባ ሲጠብቁ ዓመታት ያለፉባቸውን ምሩቃን ያስታውሳል። ዛሬም የብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ወደ ሲቪል ሕይወት መመለስ አለባቸው ብሎ ያስቀመጣቸው የቀድሞ ተዋጊዎች ቁጥር ከ370 ሺህ በላይ ነው። ያን ጊዜ የታየው ስህተት፣ ማለትም ሰዎችን በጥቂት ብርና በአንድ ወረቀት ሸኝቶ ከዚያ በኋላ የት እንደገቡ አለመጠየቅ፣ እንዳይደገም የሚያሰጋ በቂ ምክንያት አለ።

የስታትስቲክስ ቁጥሮችን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። በመንግሥት መለኪያ መሠረት ከድህነት ወለል በታች የሚኖረው ሕዝብ ድርሻ በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 በመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 በመቶ ወርዷል። ይህ በሁለት አሥርት ዓመታት የተገኘ እውነተኛ ለውጥ ነው፤ የገጠር መንገድ፣ የጤና ኬላ፣ ትምህርት ቤትና የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራሙ ድርሻ አላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ጦርነት፣ ድርቅና በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ የደረሰ ዓመታዊ የዋጋ ንረት መጥተዋል፤ ስለዚህ የ2008ቱን ቁጥር ይዞ ስለ ዛሬ መናገር አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። የከተማ ሥራ አጥነት በ2010 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት 19 በመቶ ገደማ ነበር፤ የሴቶቹ መጠን ደግሞ ከወንዶቹ ከእጥፍ በላይ ነበር። በዓለም አቀፉ መለኪያ ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ለክፍያ የሠራ ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል። ማለዳ የቀን ሠራተኛ በሚሰበሰብበት መንገድ ዳር ቆሞ በሳምንት አንድ ቀን ካቦ የመረጠው ወጣት፣ በዚህ አቆጣጠር ሥራ አጥ አይደለም። ቁጥሩ ዝቅ ያለ ቢሆን እንኳ የኑሮውን ሁኔታ አይነግረንም፤ እንደኛ ባለ አገር ደሃ ሰው ያለ ምንም ሥራ መቀመጥ ስለማይችል፣ ችግሩ በአብዛኛው ከሥራ እጦት ይልቅ በማያኖር ሥራ መልክ ይገለጣል።

መገለል እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት በየሥራ ማስታወቂያው ግርጌ የምትገኘውን አንዲት መስመር ማየት ይበቃል፤ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል»። የጥበቃ፣ የገንዘብ ያዥ፣ የአስተናጋጅ፣ የዕቃ ግምጃ ቤትና የሽያጭ ሥራ የሚፈልግ ሰው ተያዥ ይጠየቃል። ተያዡ ቋሚ ሥራ ያለው ሆኖ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቱ ማጻፍ፣ ፎቶግራፍና የመታወቂያ ቅጂ ማቅረብ፣ ጉዳት ቢደርስም ከፍሎ ለመካስ መፈረም አለበት። ብዙ ቦታ ለሌላ ሰው ተያዥ የሆነ ሠራተኛ በድጋሚ ለሌላ ሰው እንዲሆን አይፈቀድለትም። ከጎንደር ገጠር ወይም ከወላይታ ሥራ ፍለጋ የመጣ ወጣት እንዲህ ያለ ዘመድ ከየት ያመጣል? ቀጣሪው ንብረቱን ለመጠበቅ መፈለጉ ተገቢ ነው። ውጤቱ ግን ሥራው ለሚችለው ሳይሆን ደመወዝተኛ ዘመድ ላለው እንዲደርስ ማድረግ ነው። በድሃ ቤተሰብ ውስጥ ቋሚ ደመወዝ ያለው ሰው ከሌለ ልጆቹም የሚያዝላቸው አያገኙም፤ ሥራ አጥነትም ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። እኔ እስከማየው ድረስ፣ ከትምህርትና ከሙያ ጉድለት እኩል ወጣቶችን በር ላይ የሚያስቀራቸው ይህ ነው፤ ስለ ሥራ ፈጠራ በሚዘጋጁ የመንግሥት ሰነዶች ውስጥ ግን ሲነሳ አይታይም።

ከተያዡ በፊት ደግሞ መታወቂያው ይመጣል። ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው የነዋሪነት መታወቂያ ለማውጣት ከቀድሞ ቀበሌው መሸኛ ይዞ መምጣትና በወረዳው ውስጥ የሚኖርበት ቤት እንዳለው ማሳየት አለበት። በግጭት የተፈናቀለ ሰው ወደ ቀድሞ ቀበሌው ተመልሶ መሸኛ ሊያጽፍ አይችልም፤ ቤት ተከራይቶ የሚኖረውም አከራዩ ውል መጻፍ ካልፈለገ ማስረጃ የለውም። መታወቂያ ከሌለ በወረዳው የሥራ ፈላጊነት ምዝገባ የለም፤ በጥቃቅንና አነስተኛ መደራጀት አይቻልም፤ የሴፍቲኔት ምልመላ ውስጥ መግባትም ሆነ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታቀፍ ያዳግታል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሕጋዊ መሠረት ያገኘው ፋይዳ የዲጂታል መታወቂያ የሰውየውን ማንነት ያረጋግጣል፤ ነዋሪነቱን ግን አያረጋግጥም። ስለዚህ በባንክ የሚያገለግለው ካርድ ወረዳው መስኮት ላይ ሲደርስ ዋጋ ያጣል።

የሥራው ዋጋ በራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ የሽግግሩ ተስፋ ምልክት ነበር፤ ከእርሻ ወደ ፋብሪካ የሚያሻግር ድልድይ ተደርጎም ተወስዷል። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ያገኙት እዚያ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጀማሪ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገልጾ፣ ልብስ አምርተው ለዓለም ገበያ ከሚያቀርቡ አገሮች ዝቅተኛው እንደሆነ አመልክቷል። ለብዙዎቹ ሴቶች ይህ ገንዘብ በሐዋሳ ዳርቻ በጋራ ለሚከራዩት አንድ ክፍልና ለምግብ እንኳ ሳይበቃ ያልቅ ነበር፤ ሥራ የሚለቀው ሠራተኛ ቁጥር ከፍተኛ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በጦርነቱ ሳቢያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከማስገባት ዕድል፣ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስትሰረዝ ትልልቅ ገዢዎች ለቀው ወጡ። ስለ ጦርነቱ ምንም ድምፅ ያልነበራቸው ሴቶች ከማሽኑ ላይ ተነሡ። የተወሰኑት ወደ ወላጆቻቸው ቤት፣ የተወሰኑት ወደ ሰው ቤት ሥራ፣ ሌሎቹ ደግሞ በደላላ በኩል ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ኩዌት መንገድ ማፈላለግ ያዙ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ድንጋጌው በወረቀት ላይ ቢኖርም የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ እስካሁን ወለሉን አላየውም። የመንግሥት ሠራተኛው በአንጻሩ ሁለት ማስተካከያ አግኝቷል፤ የ1,100 ብሩ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2017 ዓ.ም. ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ተገቢ ነው፤ ግን የሚደርሰው ቋሚ የመንግሥት ቅጥር ላለው ብቻ ነው። የቀን ሠራተኛ፣ የጉልት ነጋዴ፣ ሊስትሮና ተላላኪ ሁሉ የዘይቱንና የታክሲውን ጭማሪ ከፍለው የደመወዝ ማስተካከያ የሚባለውን ነገር በዜና ብቻ የሚሰሙ ናቸው። የቤንዚን ዋጋ በ2017 ዓ.ም. በሊትር ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ሥራ ፍለጋ ከዳርቻ ወደ መሀል ከተማ የሚመላለስ ሰው የትራንስፖርቱ ሂሳብ ብቻ ከቤት እንዳይወጣ የሚያደርገው ሆነ።

በግብሩ ላይም ተመሳሳይ ነገር እናያለን፤ ይህ ብዙ ሰው ስላላስተዋለው ትንሽ ልቆይበት። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከግብር ነጻ የሆነው ወርኃዊ ደመወዝ 600 ብር ነበር። በጊዜው ተመን ይህ ከ27 ዶላር በላይ ነው። ለዘጠኝ ዓመታት ሳይነካ ቆይቶ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል ብዙዎች እንደ ትልቅ እፎይታ አቀረቡት። በአዲሱ ተመን ግን 2,000 ብር ከ16 ዶላር ያንሳል። በአገር ውስጥ የዋጋ ንረት ብንለካውም፣ በእነዚያ ዓመታት ዋጋ ከአራት እጥፍ በላይ ሲጨምር ከግብር ነጻ የሆነው ገቢ ግን ከሦስት እጥፍ ጥቂት ቢያልፍ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዛሬ 2,500 ብር የሚያገኝ የጽዳት ሠራተኛ ግብር ይከፍላል፤ በ2008 ዓ.ም. በዚያው የኑሮ ደረጃ ላይ የነበረ ሠራተኛ ግን አይከፍልም ነበር። መንግሥት ገቢውን ለማሳደግ የሚገደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። ገቢው ከዚህ ጥግ መሰብሰቡ ግን የቅድሚያ ምርጫ ጉድለት እንደሆነ አምናለሁ።

ከሁሉም በላይ በዝምታ የሚያልፈው በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ምክንያት የሚደረገው መዛወር ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ከተወረሱ ወዲህ በአዲስ አበባ መሀል የቀበሌ ቤቶች ለግማሽ ምዕተ ዓመት የድሃው መኖሪያ ሆነው ቆይተዋል። ቤቶቹ ያረጁ፣ የጋራ ሽንት ቤት ያላቸው፣ ለኑሮ የማይመቹ ነበሩ። አንድ ትልቅ ጥቅም ግን ነበራቸው፤ ድሃው ከሀብታሙና ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ ሳይርቅ እንዲኖር አስችለውታል። በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ የተነሡት ነዋሪዎች ከከተማዋ ዳር ወዳሉ መንደሮች ሄደዋል፤ የካዛንቺስ ብዙ ነዋሪዎች የገቡት ገላን ጉራ ነው።

ካዛንቺስ በአንድ መሥሪያ ቤት አጠገብ ጀበና ቡና ትሸጥ የነበረችን እናት እናስብ። ዕቃዋ ረከቦት፣ ሲኒ፣ ከሰልና ጥቂት ዝቅተኛ መቀመጫዎች ናቸው። ካፒታሏ ግን ይህ አልነበረም። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ የሚመጡት ሠራተኞች፣ ወር ሲሞላ የሚከፈል ዱቤ የሚመዘገብበት ደብተር፣ ከሰል በዱቤ የሚሰጣት ነጋዴ፣ በየሳምንቱ የምትጥለው እቁብና ዓመታት የከፈለችበት እድር ናቸው። ምትክ ቤቷ ከቀድሞው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ የራሷ ሽንት ቤትና የውሃ መስመር አግኝታ ይሆናል። ቡናዋን የሚጠጣ ግን በአካባቢው የለም፤ ጎረቤቶቿም እንደ እርሷ ገበያ ያጡ ናቸው። ወደ ቀድሞ ቦታዋ በታክሲ ብትመለስ ደንብ አስከባሪ ያስነሣታል። እድሩ አባላቱ በአራትና በአምስት መንደር ስለተበተኑ ለቅሶ ሲደርስ ድንኳን የሚተክል፣ ንፍሮ የሚቀቅል፣ ሌሊቱን አብሮ የሚያድር ሰው ይታጣል። የቀበሌ ቤት ያልነበራቸውማ፣ በቤቱ ውስጥ በደባልነት ወይም ከግለሰብ ተከራይተው ይኖሩ የነበሩት፣ ምትክ ቤትም አላገኙም። ካሳ ሲሰላ ጣሪያና ግድግዳ ይቆጠራሉ፤ የዱቤው ደብተርና እድሩ በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የላቸውም።

ወጣቶቹ ላይ ደግሞ የትምህርቱ በር ጠብቧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 30 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ነበሩ። ኩረጃን ለማስቀረት የተወሰደው እርምጃ የፈተናውን እውነተኛነት መልሷል፤ ይህን መቃወም አይቻልም። ነገር ግን በቀጣዮቹ ዓመታትም ውጤቱ በጥቂቱ ብቻ ሲሻሻል፣ በየዓመቱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች «ወደቃችሁ» ተብለው ወደ ቤት ተመልሰዋል። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ይህን ሁሉ ሰው የሚቀበል ወርክሾፕም ሆነ አሠልጣኝ የላቸውም። በገጠር ደግሞ ለልጅ የሚከፈል መሬት አልቋል። ስለዚህ በወሎ፣ በጅማና በትግራይ ብዙ ወጣቶች የጅቡቲ ወደብ ወደሆነችው ኦቦክ ደርሰው በጀልባ ወደ የመን መሻገርን ከቀሩት አማራጮች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ በየመን አብያን የባሕር ዳርቻ የሰመጠችው ጀልባ ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነች ሲሆን፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወጣቶቹ አደጋውን ሳያውቁ ይሄዳሉ የሚለው አነጋገር ትክክል አይመስለኝም። ከመንደራቸው የሄደውን፣ የሞተውንም፣ ቤት የሠራውንም በስም ያውቃሉ፤ አውቀው የሚሄዱት ያለው ምርጫ እርሱ ሆኖ ስለታያቸው ነው።

መንግሥት እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት እስከ 8 ሚሊዮን ሰው ሲደግፍ ቆይቷል፤ የከተማው ደግሞ በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች 604 ሺህ ሰዎችን ለማቀፍ ታቅዶ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ከተሞች ሰፍቷል። በማለዳ መንገድ የሚጠርጉትና አረንጓዴ ቦታ የሚንከባከቡት እናቶች አብዛኞቹ የዚህ ፕሮግራም ተጠቃሚዎች ናቸው። ሥራው ያስከብራል፤ ቁጠባና መነሻ ገንዘብም አለው። ድክመቱ በሦስት ዓመት ውስጥ «ተመረቁ» ብሎ የሚያሰናብት መሆኑ ነው። በ2009 ዓ.ም. ለወጣቶች የተመደበው የ10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድም ያጋጠመው ተመሳሳይ ነገር ነበር። ወጣቶችን በቡድን አደራጅቶ ብድር ሰጠ፤ የመሸጫ ቦታ፣ የገበያ ትስስርና ክትትል ግን ከብድሩ ጋር አልሄዱም። ስለዚህ ብዙ ቡድኖች ፈረሱ፤ ዕዳው በአባላቱ ስም ቀረ፤ ለሚቀጥለው ብድርም ብቁ እንዳይሆኑ አደረጋቸው።

ከዚህ የሚከተለው የፖሊሲ ሥራ አብዛኛው ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። ፋይዳ ያለው ሰው የነዋሪነት መታወቂያው እስኪደርስ ለሥራ ፈላጊነትና ለጤና መድን እንዲመዘገብ መፍቀድ የአንድ መመሪያ ጉዳይ ነው። የተያዡን ግዴታ በአነስተኛ የመድን ሽፋን መተካት የመድን ኩባንያዎችም ሆኑ የወረዳ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቶች ሊያደርጉት የሚችሉት ነው፤ ቢያንስ በመንግሥትና በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ቅጥር ሊጀመር ይችላል። የመልሶ ማልማት ጥናት ሲደረግ እድሮች እንደ ድርጅት እንዲቆጠሩ፣ አባላቱም በተቻለ መጠን ወደ አንድ መንደር እንዲዛወሩ፣ በአዲሱ መንደርም ቤቱ ከመተላለፉ በፊት ጉልትና የታክሲ መስመር እንዲኖር ማድረግ ይቻላል። የደመወዝ ቦርዱ ግን ውሳኔ ይጠይቃል፤ ባለሀብት ይሸሻል የሚለው ስጋት ይቀርባል። ሐዋሳ ላይ ባለሀብት የሸሸው ግን ደመወዝ ከፍ ስላለ አልነበረም።

ከገንዘብ ድርጅቱ ጋር የተያዘው ፕሮግራም እስከ 2020 ዓ.ም. ይዘልቃል። በየጊዜው በሚደረጉት ግምገማዎች የመጠባበቂያ ክምችት፣ የታክስ ገቢና የመንግሥት ብድር ይለካሉ፤ ለሴፍቲኔት የሚወጣው ወጪም ከሚታዩት መለኪያዎች መካከል አለ። ከዚህ ጎን ለጎን መንግሥት በራሱ ተነሣሽነት በየሩብ ዓመቱ ሊያወጣቸው የሚችላቸው ጥቂት ቁጥሮች አሉ፤ በመታወቂያ እጦት ከወረዳ የሥራ ፈላጊ ምዝገባ የተመለሱ ሰዎች ስንት ናቸው፤ ከመሀል ከተማ ከተነሡት አባወራዎችና እማወራዎች ከስድስት ወር በኋላ የቀድሞ ገቢያቸውን ያገኙት ስንቶቹ ናቸው፤ ከሴፍቲኔት የተመረቁትስ ከዓመት በኋላ በምን ላይ ይገኛሉ? መረጃው በወረዳዎች መዝገብ ውስጥ በከፊል ይገኛል፤ የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎትም የተቀረውን መጠይቁ ውስጥ ጥቂት ጥያቄዎችን በመጨመር ሊሰበስበው ይችላል።